ፑድል ነው በል

ቃለአብ «ይቅርታ ግን» ብሎ ከጀመረ አንድ ነገር ሊሰበር እንደሆነ ፍሬሕይወት ታውቃለች። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ፊቱንም አያኮሳትርም። መነጽሩን በአንድ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ ያደርጋል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ከዚያ «ይቅርታ ግን» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁልጊዜ እውነት ነው። የሚመጣው ግን ሁልጊዜ በማይሆን ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ቤታቸው የገባ ቀን እንኳን እንዲህ ነበር ያደረገው። እናቷ ወይዘሮ ብርቱካን ወንድማቸው ከአዲስ አበባ ያመጣላቸውን ነጭ፣ ጸጉረ ጥቅልል ውሻ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ፑድል ናት፤ ሚሚ እንላታለን» አሉት። ቃለአብ ከወልቂጤ የመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊሰጣት ነበር። መርፌውን ወግቶ ቢሄድ ማንም ምንም አይለውም ነበር።

«ይቅርታ ግን፣ ፑድል አይደለችም» አለ።

«ታዲያ ምንድን ናት?»

«እሱን አላውቅም።»

ወይዘሮ ብርቱካንን ያንገበገባቸው ይሄኛው ነው። «ካላወቀ ምን አስቸኮለው?» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰሉ ከረሙ። በርግጥ በሰፈሩ ለሚሚ የራሱን ስም ያላወጣላት አልነበረም። ባጃጅ ነጂዎቹ ቺዋዋ ይሏታል። የመዘምራን ልጆች ሺትዙ ናት ብለው ይማማላሉ። ወፍጮ ቤት የሚመጡ ሴቶች የፈረንጅ ውሻ ብለው ይገላገላሉ። የቤቱ አባወራ፣ የበርበሬ ነጋዴው አቶ ባልቻ ደግሞ ለመጋዘናቸው ጀርመን ውሻ አምጡልኝ ብለው ይህች ስለመጣችባቸው በምንም ስም አይጠሯትም። ወይዘሮ ብርቱካን ግን ፑድል ናት ካሉ ፑድል ናት፤ ከቃለአብ በቀር ፊት ለፊት የተከራከራቸው ሰው የለም።

ፍሬሕይወት ይህን ሰው ትወደዋለች። የምትበሽቀውም ስለምትወደው ነው።

የተዋወቁት ወልቂጤ በተደረገ የወጣቶች ጉባኤ ላይ ነበር። እሷ ቡታጅራ ውስጥ የሒሳብ መምህርት ናት፤ እሱ ወልቂጤ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል። እናቱ እናኑ ጉብሬ ገበያ ቆጮ ሸጠው ነው ያሳደጉት፤ አባቱን አያስታውሳቸውም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ተራራ ይወጣል፣ ተራራ ይወርዳል። ቃለአብ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ መንገድ እየተመላለሰ፣ የመድኃኒት ሳጥኑን ምክንያት አድርጎ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። ለብቻቸው ሲሆኑ ዓይኗን አይቶ «ፍሬዬ» ይላታል። ሰው ፊት ግን፣ አንድ ጎረቤት ብቻ እንኳ ቢኖር፣ «እህት ፍሬሕይወት» ነች።

ባለፈው ወር ወልቂጤ ሄዳ እሱ ቤተ ክርስቲያን አመለከች። ጉባኤው ሲበተን አንድ ሽማግሌ በር ላይ የቃለአብን እጅ ይዘው፣ እሷን በፈገግታ እያዩ፣ «እንግዳችን ማን እንበላት?» አሉት። ሰውየው በሩን ከፍተውለት ነበር፤ መግባት ብቻ ነበር የሚቀረው።

«የቡታጅራ እህታችን ናት» አለ ቃለአብ።

እህታችን! ስትመለስ በሚኒባሱ መስኮት እንሰቱን እያየች ያለቀሰችው ለዚህ ነበር። ቤት ስትገባ በስልክ «እህትህ በሰላም ገብታለች» ብላ ጻፈችለት። እንዲነድደው ነበር። መልሱ ወዲያው ደረሳት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን።» ስልኩን ግድግዳው ላይ ልትፈጠፍጠው ነበር። የውሻ ስም ሲሳሳት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው፣ የእሷን ስም ሲስት ምንም አይሰማውም!

ዛሬ ቅዳሜ መናኸሪያው በር ላይ እንዳኮረፈች ቆማ ጠበቀችው። ቀሚሷን ግን መርጣ ነበር የለበሰችው።

የወልቂጤው ሚኒባስ ዘግይቶ ገባ። ቃለአብ አቧራ ለብሶ፣ ሳጥኑን አቅፎ ወረደ። ሲያያት ፊቱ በራ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና የበራውን ፊት መልሶ አጠፋው። እጁን ዘረጋላት።

«እህት ፍሬሕይወት፣ ሰላም ነው?»

«ጌታ ይመስገን፣ ወንድም ቃለአብ። ና ባጃጁ ውስጥ ግባ፤ የምነግርህ አለ።»

ነጂው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። እንግዶች መጥተዋል። ወይዘሮ አደይ ይባላሉ፤ የእናቷ አብሮ አደግ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሴራሚክ ይነግዳሉ። እናቷ ሚሚ ከወለደቻቸው ቡችሎች አንዱን ሊሰጧቸው ቃል ገብተው ነበርና ሊወስዱ መጡ። ልጃቸው ዮናታንም አብሮ መጥቷል።

«እሱም ቡችላውን ሊያይ ነው?» አለ ቃለአብ።

ዞራ አየችው። የምሩን ነበር።

«ቃልዬ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ ከአዲስ አበባ ድረስ ቡችላ ለማየት የሚመጣ ሰው ታውቃለህ?»

ሳጥኑን የያዙት የቃለአብ እጆች ጠበቅ ሲሉ አየችና በጥቂቱ ደስ አላት።

«እንግዶቹ እንደወጡ ስለ እኛ ለእማዬ ልነግራት ነው» አለችው። «ሌላ ቃል ከመግባቷ በፊት። ደስ ብሏት ከዋለች ትሰማኛለች። በአደይ ፊት ካፈረች ግን አበቃ፤ ሁለተኛ ስምህን አታነሳልኝም። ስለዚህ ስለ ቡችላው ስትጠይቅህ ፑድል ነው በል።»

«አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እናትየዋ ራሷ አይደለችም። አባትየው የወፍጮ ቤቱ ቀዩ ውሻ ነው፤ አንደኛው ቡችላማ ቁርጥ እሱን—»

ባጃጅ ነጂው ዘወር አለ። «ሚሚን ነው የምትሉት? እሷ ቺዋዋ አይደለች እንዴ?»

«ይቅርታ ግን፣ ቺዋዋ ጸጉሩ—»

«ቃለአብ!»

ከቤቱ ፈንጠር ብለው፣ ከበርበሬው መጋዘን ግንብ ጥግ ወረዱ። እዚያ አየሩ ሁልጊዜ ይከነክናል፤ ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከውጭ ለሚያያቸው የሚላቀሱ ይመስላሉ።

«አንድ ቀን፣ አንድ ውሻ» አለችው። «ለእኔ ብለህ አንድ ውሸት ቢወጣህ ምን አለበት? ደግሞስ አንተ መቼ ነው ነገርን በስሙ የጠራኸው? በእኚያ የወልቂጤ ሽማግሌ ፊት ምን ብለህ ጠራኸኝ?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ያለ መነጽር ፊቱ የልጅ ፊት ይመስላል፤ ይህን ባታይ ትመርጥ ነበር፤ ንዴቷን ይበርዝባታል።

«ለእኔ ብዬ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «እጮኛዬ ናት ብላቸው በማግስቱ ቡታጅራ ይሰማል። ከዚያ አባትሽ እንቢ ቢሉኝስ? የቆጮ ሻጭ ልጅ፣ በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ምን ይዘህ መጣህ ቢሉኝስ? እኔ ወልቂጤ ተመልሼ ሥራዬን እሠራለሁ። ስሙ የሚቀረው አንቺ ላይ ነው። የእገሌ የነበረች ይሉሻል። እኔ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ስም ውሻ ላይ እንኳ አልለጥፍም።»

ፍሬሕይወት በአንድ ትንፋሽ ልታቅፈውም በሳጥኑ ራሱን ልትለውም ፈለገች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን ይባላል?

«ፑድል ነው በል» አለችው እንደገና። ድምፅዋ ግን ልመና ሆኖ ወጣ።

ሳሎኑ ውስጥ ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር። ቡችሎቹ አሮጌ ነጠላ በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ይንጫጫሉ። ሚሚ ጆሮዋ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮላት ወይዘሮ ብርቱካን ጭን ላይ ተኝታለች። ወይዘሮ አደይ ከቡችሎቹ ነጩን አንስተው አቅፈዋል፤ ወፍራም፣ ደግ ፊት ያላቸው ሴት ናቸው።

«ይሄማ የእህቴ ልጅ ያላት ዓይነት ነው፤ ሺትዙ ይሉታል።»

«ሺትዙ አፍንጫው ደፍጣጣ ነው አደይ። ይሄ ፑድል ነው። ኦርጅናል።»

ዮናታን ከስልኩ ቀና አለ። «ማልቲዝ ነው የሚመስለው፤ ይኸው ፎቶውን እዩ።»

«ጀርመን ያልሆነ ውሻ ለእኔ ድመት ነው» አሉ አቶ ባልቻ፤ ከዚያም አነጠሱ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ በበርበሬ መሀል ኖረው ማስነጠሱን አልተዉትም።

«ይኸው ዶክተሩ መጣ!» አሉ ወይዘሮ ብርቱካን ቃለአብን በሩ ላይ ሲያዩት። በእንግዶቻቸው ፊት ኮርተውበት ነበር፤ ፍሬሕይወት የእናቷን ድምፅ ታውቀዋለች። እንዲህ ደስ ብሏቸው እሱን የጠሩት ይህ የመጀመሪያው ቀን ነው።

«ይቅርታ ግን እትዬ፣ ዶክተር አይደለሁም። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ።»

ፍሬሕይወት ወደ ጓዳ ገብታ የለስላሳ ጠርሙሶቹን ትሪ ላይ እያንኳኳች ደረደረች።

ስትመለስ ቃለአብ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ለቡችሎቹ የትል መድኃኒት ይሰጥ ነበር። አንዱን በመዳፉ ይዞ አፉን በትንሽ ጣቱ ይከፍታል፣ ጠብ ያደርግለታል፣ እስኪውጥ አገጩን ያሻሽለታል። በር ላይ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በዚያ እጅ ምን ዓይነት ነገር ቢሰጣት የማትውጠው አለ? ንዴቷ ሲቀልጥ ተሰማትና ተናደደች።

«በል እስቲ ንገራቸው» አሉ ወይዘሮ ብርቱካን። «ይሄ ነጩ ምንድን ነው?»

ቃለአብ ቀና ብሎ ፍሬሕይወትን አያት። አየችው።

«ጤነኛ ነው» አለ። «ዓይኑ ንጹሕ ነው። ጥርሱም ጥሩ ነው።»

«ጤናውንማ እናያለን። ዓይነቱን ነው።»

«ጎበዝ ነው። ወተትም ደህና ይጠባል።»

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ችፍ አለ። እየሞከረ ነበር! በሕይወቱ ያላደረገውን ለእሷ ሲል እየታገለ ነበር፤ ሲታገል ደግሞ አያምርበትም፤ ያለ ልኩ የተሰፋ ኮት የለበሰ ነው የሚመስለው።

«አንተ ልጅ፣ ፑድል ነው አይደለም?» አሉ ወይዘሮ ብርቱካን።

«ሲያድግ... የሚታይ ይሆናል።»

«እንዴ፣ ሲያድግማ ወስጄዋለሁ!» አሉ ወይዘሮ አደይ። «ብርቱካን፣ ጸጉሩ አይረግፍም ብለሽኝ አይደል? የልጅ ልጄ አስም አለባት እኮ። ውሻ እያለች ስታለቅስ፣ ሐኪሟ እንግዲያው ጸጉሩ የማይረግፍ ፈልጉላት ብሎን ነው።»

ቃለአብ እንደገና ፍሬሕይወትን አያት። ይህኛው አስተያየት ሌላ ነበር፤ የሚለምናት እሱ ነበር። ፍሬሕይወት ዓይኗን ወደ ትሪው ጣለች። ሊናገር እንደሆነ አወቀች። ባይናገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እንደምትንቀው አወቀች። ከሁሉም ያበሳጫት ይሄ ነው፤ ትክክል የሆነ ሰው ላይ የሚያርፍ ንዴት ማረፊያ የለውም።

መነጽሩን ገፋ አደረገ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ይቅርታ ግን እናቴ፣ ፑድል አይደለም። ጸጉሩ ይረግፋል። ቁመቱም የት እንደሚቆም አላውቅም፤ አባቱ የወፍጮ ቤቱ ቀይ ውሻ ነው። አስም ላለባት ልጅ አይሆንም።»

የወይዘሮ ብርቱካን ፊት ከአንገታቸው ጀምሮ ቀላ።

«ማን ጠየቀህ?»

«እርስዎ ነዎት እትዬ።»

አቶ ባልቻ መሀረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያነጠሱ መሰሉ።

ወይዘሮ አደይ ቡችላውን አላስቀመጡትም። የምር ለማወቅ ፈልገው፣ ያለ ክፋት፣ «ለመሆኑ ይሄ ልጅ የማን ነው?» አሉ።

«የማንም አይደለም» አሉ ወይዘሮ ብርቱካን። «መርፌ ሊወጋ የሚመጣ ነው።»

ቃለአብ አጎነበሰ፤ ሳጥኑን ሊዘጋ ነበር። ቁልፉ አልያዝ አለው። አንዴ ሞከረ፤ ደግሞ ሞከረ። ቡችላ አፍ ውስጥ ገብተው የማይንቀጠቀጡት ጣቶች አንዲት ቁልፍ አልታዘዛቸውም። አላረመም። «የጉብሬዋ የእናኑ ልጅ ነኝ» አላለም። ዓለምን ሁሉ የሚያርመው ሰው ስለ ራሱ የተባለውን እንዳለ ተቀበለ።

ፍሬሕይወት ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጠርሙሶቹ ተጋጩ።

«የእኔ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ እናቷ።

«የማን ነው ብላችሁ ጠየቃችሁ አይደል? የእኔ ነው። እጮኛዬ ነው።»

ሚሚ እንኳ ጆሮዋን አቆመች።

መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ባልቻ ናቸው። «ሽማግሌ ልኳል?»

«አልላከም።»

«እንግዲያው እጮኛ አይባልም። እጮኛ የሚባለው ሽማግሌ መጥቶ፣ ቃል ተሰጥቶ ነው።»

«በእኛ ጊዜ የሚያስባት ነበር የሚባለው» አሉ ወይዘሮ አደይ።

«ቦይፍሬንዷ ነው ማለቷ ነው፣ ማማ» አለ ዮናታን። ያዘነ አይመስልም፤ እንዲያውም ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም የወረደለት ይመስል ነበር።

«ቦይፍሬንድ በእኛ ቤት የለም» አሉ አቶ ባልቻ። «በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ከሆነ ጓደኛ ሊባል ይችላል። ታውቋል?»

«ወንድሜ ነው ነው ያለችኝ!» ወይዘሮ ብርቱካን ድምፃቸው ተሰበረ። «የቤተ ክርስቲያን ወንድማችን ነው ብላ አይደል ይህን ሁሉ ጊዜ ቤቴ የምታስገባው? ወንድማችን! በገዛ አፏ!»

ፍሬሕይወት ይህን ስትሰማ ደነገጠች። እውነት ነበር። በዚህ ሳሎን፣ በዚህ ሶፋ ላይ፣ ስንት ጊዜ ብላዋለች። «እህታችን» ስለተባለች አንድ ወር አልቅሳ፣ እሱን «ወንድማችን» ስትል አንድ ቀን አልቆጠረችውም። እሱ ያን ቃል እየሰማ ሲገባና ሲወጣ፣ አንዴ እንኳ «ይቅርታ ግን» አላላትም።

ሌሎቹ ግን አልጨረሱም። አቶ ባልቻ በጓደኛና በእጮኛ መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳሉ፤ ወይዘሮ አደይ በቡኢ ከተማ በኩል ሌላ አጠራር አለ ይላሉ፤ ወይዘሮ ብርቱካን አንድም ስም አይቀበሉም። ካርቶኑ ዙሪያ የነበረው ክርክር ቦታውን ሳይለቅ ወደ እነሱ ዞሮ ነበር። ፍሬሕይወት በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች።

«በቃ!» አለች። «በቃ፣ በጌታ! ውሻ ነው እንዴ?»

ቃለአብ ከምንጣፉ ላይ ሲነሳ ሰማችው። መነጽሩን በአንድ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ። ጉሮሮውን ጠራረገ። አይ፣ አለች በሆዷ። አሁን እንዳታደርገው። አሁን እንኳ እንዳታደርገው።

«ይቅርታ ግን» አለ።

ዓይኗን ጨፈነች።

«ይቅርታ ግን እትዬ ብርቱካን፣ ጋሽ ባልቻ እንዳሉት ነው። ሽማግሌ አልላኩም። ሽማግሌ ሳይላክ እጮኛ አይባልም፤ ቃሉ ልክ አይደለም።»

የሶፋውን ክንድ ያዘች።

«የተሳሳተችው ግን እሷ አይደለችም። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ይህን ቃል በዚህ ቤት ቀድሜ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ፈራሁ። የቆጮ ሻጭ ልጅ ነኝ፤ የጉብሬዋ የእናኑ ልጅ። እሺ ብትሉኝም እንቢ ብትሉኝም ሽማግሌ ይመጣል። እሷ ያለችውን ግን አላርምም።» ትንሽ ቆመ። «እንዳለችው ይሁን።»

ፍሬሕይወት ዓይኗን ከፈተች። ወደ እሷ እያየ ነበር፤ በሰው ፊት፣ ፊቱን ሳያጠፋ። ሁለት ዓመት ለእሷ ብቻ የበራው ፊት በአባቷ፣ በእናቷ፣ በአዲስ አበባ እንግዶች ፊት እንደበራ ቆየ።

«ሽማግሌ የሚመጣ ከሆነ» አሉ አቶ ባልቻ መሀረባቸውን እያጠፉ፣ «ለመስማት በር አይዘጋም። ለመስማት ነው ያልኩት።»

ወይዘሮ ብርቱካን አልመለሱም። ሚሚን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ፊታቸውን ጸጉሯ ውስጥ ደበቁ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የተናደዱ ይሁኑ የሚያለቅሱ አይታወቅም። ፍሬሕይወት ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች። አልነጠቋትም፤ አልጨበጧትም።

ያንን የማይጨብጥ እጅ እንደያዘች ቃለአብን ቀና ብላ አየችው። አሁንም ተናዳበት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ባስጠበቃት፣ ለአንድ ውሻ ይህን ሁሉ ባመጣው፣ በመጨረሻ ሲናገር እንኳ መጀመሪያ ልክ አይደለም ብሎ ነፍሷን ባወጣው ሰው ላይ ተናዳ ነበር። ግን የንዴቱ ሥር ሌላ ነገር ይሞቃት ጀመር፤ ሰፊ፣ ሳቅ ሳቅ የሚያሰኝ፣ ዓይን የሚያስነባ። ምን እንደሚባል አታውቅም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስም አልፈለገችለትም።